ዕድራችን የገዛልኝ የደረት ሰሌዳ

በዕድር ገንዘብ ጥይት መከላከያ የገዛ ማኅበር ከእኛ በፊት ካለ ንገሩኝና አፌን ልያዝ። እስከዚያው የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን እላለሁ፤ የካርቱም፣ የሳጃና ሰፈር ሐበሾች። የለበስኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

በላይነህ እባላለሁ። ጦርነቱ ሲመጣ የአምጃድ ሾፌር ነበርኩ፤ አምጃድ ካርቱም ውስጥ ሰው የምትጭን ትንሽ መኪና ናት። ከሱቅ ዐረቢ ገበያ ሰው እሞላለሁ፣ ከተሳፋሪ ጋር እጨቃጨቃለሁ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ። ሚስት የለኝም፣ ልጅም የለኝም። እናትና አባቴን ቀብሬ ነው ከጎንደር የወጣሁት። «ብቻህን እንዴት ይሆንልሃል?» ለሚለኝ ሰው «ቤቱ ጸጥ ያለ ነው» እለው ነበር። ሰፈርተኛው ክፉ ነው አይለኝም፤ ሰው አይወድም ነው የሚለኝ። አልተሳሳተም፤ እኔም አልተቀየምኩም።

ጦርነቱ ሲገፋ ብዙው ሐበሻ ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ ወጣ። እኔ ቀረሁ። ለምን ትቀራለህ ሲሉኝ ቤንዚን እየጠበቅኩ ነው እል ነበር፤ ቤንዚኑ ሲገኝ ደግሞ ሌላ ምክንያት አላጣሁም።

አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ሞሚና በሬ ላይ መጡ። የወሎ ሴት ናቸው፤ ሰፈራችን ውስጥ መንገድ ዳር ሻይ ይሸጡ ነበር። ሙስሊም ቢሆኑም የዕድራችን አባል ናቸው፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ውስጥ ቀድመው የሚገኙት እሳቸው ናቸው። የእህታቸው ልጅ ዘሀራ ቡሪ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ ተኩሱ ሲበረታ መኪናቸውን አስነሥተው ሄደዋል። እሷን ግቢ ውስጥ ትተው በሩን ከውጭ ቆልፈውባታል። «ሌባ እንዳይገባ ነው፤ ቶሎ እንመለሳለን» ብለዋታል።

«ትናንት ደወለች» አሉኝ እትዬ ሞሚና። «ጣሪያው ላይ ያለው የውሃ ታንከር አልቋል። በጀሪካን የቀረቻትን እየቆጠበች ነው። ስልኳም ሊዘጋ ነው። በላይነህ፣ ልጄ፣ ከዚያ ቤት ካልወጣች በውሃ ጥም ትሞትብኛለች።»

ቡሪ ከጦሩ ዋና መምሪያ አጥር ብዙም አትርቅም። እዚያ የሚወርደውን መዓት እኛ ሳጃና ሆነን እንሰማዋለን። «እግዜር ያውቃል» አልኳቸው። አልሄድም ማለቴ እንደሆነ ገብቷቸዋል። ቀጥ ብለው ወደ ዕድሩ ሰብሳቢ ወደ ጋሽ ተፈሪ ሄዱ።

ጋሽ ተፈሪ ሥራ ያቆሙ መካኒክ ናቸው። ስብሰባ ጠሩ፤ ሰፈሩ ውስጥ የቀረነው አባላት ግቢያቸው ውስጥ በዕድሩ ወንበር ላይ ተደረደርን። ነገሩ ሳይውል ሳያድር እኔ ላይ ወደቀ። የምትንቀሳቀስ መኪናና ቤንዚን ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ጥይቱንስ ምን ላድርገው?» አልኩ።

ከዚያ ጋሽ ተፈሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያ ጋዜጠኞች የሚለብሱት አለ አይደል፣ ደረት ላይ የሚሆን። ሲዲግ ሱቅ ተሰቅሎ አይቻለሁ። ዕድሩ ይግዛለት።»

ክርክሩ እዚህ ላይ ተጀመረ። «ደንባችን ለሞተ ሰው ነው የሚለው» አለ አንዱ አባል። «በላይነህ አልሞተም።»

«ቢሞት ቀብሩን የምናወጣው እኛ አይደለን?» አሉ ጋሽ ተፈሪ። «እስቲ አስሉት። ሰደርያው ከቀብሩ ይረክሳል።»

ሰዉ አሰበ። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ነበር፤ ቀብሬና ሰደርያዬ ፊት ለፊቴ ተመዘኑ። በድምፅ ብልጫ ሰደርያው አለፈ። አንድ ነገር ብቻ ተጨመረበት፤ ዕቃው እንደ ድንኳኑና እንደ ድስቶቹ የዕድሩ ንብረት ነው፤ የጣለ ሰው ይተካል። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ?

ሳጃና ከጦርነቱ በፊት የቤት መሥሪያ ዕቃ ገበያ ነበረች። ሲዲግም የሽንት ቤትና የወጥ ቤት ሴራሚክ ነጋዴ ነበር። ቤት የሚሠራ ሰው ሲጠፋ ያገኘውን ሁሉ መሸጥ ጀመረ። ከየት እንዳመጣው አይጠየቅም፤ እሱም አይናገርም። ጋሽ ተፈሪ፣ እትዬ ሞሚናና እኔ ሦስታችን ሄድን። ሰደርያው በሴራሚክ ካርቶኖች መሀል ተንጠልጥሏል። ለብቻው ሲታይ ከፊትና ከኋላ ሰፋፊ ኪስ ያለው ጨርቅ ነው። ጥይቱን የሚያቆመው ኪሱ ውስጥ የሚገባው ጠንካራ ነገር ነው። ሲዲግ «ሎህ» ይለዋል፤ እኛ ሰሌዳ አልነው።

ሁለት ዓይነት ሰሌዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልን። አንደኛው ብረት ነው። ሌላው በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ፣ ወፈር ያለ፣ ሲያነሡት ግን የሚቀል ነው።

ጋሽ ተፈሪ ብረቱን አንሥተው በእጃቸው መዘኑት። «ይሄ ነው» አሉ። «ብረት አይዋሽም።»

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ብረቱ ጥይት ያቆማል፤ አልክድም» አለ ሲዲግ። «ግን ጥይቱ ብረቱ ላይ ሲያርፍ ይፈረካከሳል። ፍርካሹ ወዴት ይሂድ? ወደ አገጩ ነው የሚሄደው፣ ወደ ጉሮሮው። ይሄኛውን ውሰዱ። ይሄ ጥይቱን ይሰብርና እዚያው ውጦ ያስቀረዋል።»

«ከምንድን ነው የተሠራው?» አልኩት።

«ከሴራሚክ።»

ሦስታችንም እኩል ዞረን ካርቶኖቹን አየን።

«ሲዲግ» አልኩት፣ «የሽንት ቤት ወለል ልታለብሰኝ ነው?»

ሲዲግ ተቆጣ። «ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም! ሃያ ዓመት ሴራሚክ ሸጫለሁ፤ የትኛውን እግር እንደሚረግጠው፣ የትኛው ደረት ላይ እንደሚሆን አላውቅም?»

«ሴራሚክ ይሰበራል» አሉ ጋሽ ተፈሪ። «እኔ ራሴ ስንቱን ሰብሬያለሁ።»

«የሚሠራውም ለዚያ ነው። እሱ ይሰበራል፣ ሰውየው ይተርፋል። ብቻ አስቀድሞ ወድቆ የተሰነጠቀ እንዳይሆን። ስንጥቁን ጨርቁ ይሸፍነዋል፤ በዓይን አይታይም።»

«እንግዲያው እንደ ገንቦ ነው» አሉ እትዬ ሞሚና። ያሉትን የሴራሚክ ሰሌዳዎች አንድ በአንድ አቅፈው በጣታቸው አንኳኩ፤ ጆሯቸውንም አስጠጉ። አንደኛውን ገፋ አደረጉት። «ይሄ ድምፁ ሞቷል።» እኔም አንኳኳሁት፤ የሞተ ይሁን የተኛ አልለየሁም። ጋሽ ተፈሪ «ደኅና ነው እኮ» አሉ፤ ግን ሲሠሩ የኖሩት መዶሻ ሥር ስለሆነ የእሳቸውን ጆሮ ማንም አልቆጠረውም።

ሲዲግ ጢሙን አሻሸ። «እውነቱን ለመናገር ያኛው ከመደርደሪያ ወድቆ ነበር» አለ። «ግን ቀስ ብሎ ነው የወደቀው።»

ያልወደቁትን ሁለቱን መረጥን፤ አንድ ለፊት፣ አንድ ለኋላ። የትኛው ገጽ ወደ ውጭ እንደሚዞር ሲዲግ ደጋግሞ አሳየኝ፤ አልብሶኝም ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገ። ሰሌዳው ከአንገቴ ሥር ይጀምርና እምብርቴ ሳይደርስ ያልቃል። እኔ ደግሞ ከዚያ በታች ገና ብዙ ይቀረኛል።

«ሆዴስ?» አልኩ።

«የሚጠበቀው ልብና ሳንባ ነው። እነሱ ከተመቱ ጊዜ አይሰጡም። አንጀትን ሐኪም ይሰፋዋል።»

«ሐኪሙ የት አለ?»

ሲዲግ ወደ መንገዱ አየ። መንገዱ ላይ ከአንዲት ድመት በቀር ማንም አልነበረም። «ኢንሻላህ ሆድህን አይመቱህም» አለ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ወጣሁ። የኋላው ሰሌዳ ከመቀመጫው ጋር አልስማማ ብሎ መሪው ላይ ተደፍቼ ነው የነዳሁት። ሙቀቱን አልነግራችሁም። ዋናውን አስፋልት ትቼ በውስጥ ለውስጥ ሄድኩ። የተቃጠሉ መኪኖች፣ የተገነጠሉ የሱቅ በሮች፣ አንድም ሰው የለም። ሰሌዳው ፍርሃቴን ይቀንስልኛል ብዬ ነበር፤ የቀነሰልኝ የደረቴን ብቻ ነው። ጭንቅላቴ፣ አንገቴና ሆዴ ራቁታቸውን መሆናቸውን ግን ከዚያ ቀን በፊት አስቤው አላውቅም።

ቤቱን፣ ማታ ስልኳ ሳይዘጋ ደውዬላት ዘሀራ እንደነገረችኝ አገኘሁት። ቁልፉን በመዶሻ ሰበርኩ። ልጅቱ በሩ ሥር ቆማ ነበር፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የያዝኩትን ጀሪካን ሰጠኋት። አልጠጣችም። ጀሪካኑን አቅፋ ወደ ቤት ሮጠች። ግራ ገብቶኝ ተከተልኳት።

ጓዳው ውስጥ፣ በገመድ በተጠለፈ የእንጨት አልጋ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ተኝተዋል። ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለል ነጭ ቶብ ለብሰዋል፤ ጠጉራቸው እንኳ አይታይም። ዘሀራ ጭንቅላታቸውን ቀና አድርጋ በብርጭቆ አጠጣቻቸው። እሷ የጠጣችው ከእሳቸው በኋላ ነው።

«እኚህ ማናቸው?» አልኩ።

«ሀጃ ነፊሳ። የአሠሪዬ እናት ናቸው። ወገባቸው ተሰብሮ መቀመጥ አይችሉም። መኪናው ሞላ ሲባል አንቺ ጠብቂያቸው አሉኝ።»

«በስልክ ብቻዬን ነኝ ብለሽ አልነበር?»

«ሁለት ነን ብል ትመጣ ነበር?»

አሰብኩበት። «አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ዛሬም አላውቅም።

«እኔ እሳቸውን ትቼ አልወጣም፣ ጋሼ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «የቀረችውን ውሃ በጉንጭ በጉንጭ ተካፍለን ነው እዚህ የደረስነው።»

ሀጃ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ወታደር ነህ?» አሉኝ በዐረብኛ።

«አይደለሁም። ሾፌር ነኝ።»

«እንግዲያው ይህን አውልቅ። ይህን ለብሰህ ሾፌር ነኝ ብትል ማን ያምንሃል? የመጀመሪያው ኢርቲካዝ ላይ አውርደው ይደፉሃል።» ኢርቲካዝ የሚሉት የታጣቂዎቹን የፍተሻ ኬላ ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ያ ሁሉ ስብሰባ፣ ያ ሁሉ ማንኳኳት፣ የሲዲግ ትምህርት፤ ይህን አንዳችንም አላሰብነውም። «ስመጣ ኬላ አላጋጠመኝም» አልኩ እንደመከራከር ብዬ።

«ስትመለስም አያጋጥመኝም ብለህ ማል» አሉኝ።

አልማልኩም። አወለቅኩ። የኋላውን ወንበር አጥፈን ፍራሽ አነጠፍን፤ ሀጃን በአንሶላ ይዘን አስተኛናቸው። «ያንን ነገር እዚሁ ጣለው» አሉኝ። እኔ ግን የዕድር ንብረት እንዴት እጥላለሁ? ነገ ጋሽ ተፈሪ ሲጠይቁኝ ምን ልበል? ሰሌዳዎቹን ከኪሳቸው አወጣሁ፤ ዘሀራም ፍራሹ ሥር፣ ከሀጃ ጀርባ በታች አስገባቻቸው። ባዶውን ሰደርያ አጣጥፌ ከጎኔ ካለው መቀመጫ ሥር ከተትኩት። ሀጃ አዩኝ።

የመጣሁበት ጠባብ መንገድ የመብራት ምሰሶ ወድቆ ተዘግቷል። ዞሬ አስፋልት ስወጣ ኢርቲካዙ ከፊቴ ቆሞ ነበር። ሦስት ሆነው በርሜል አግድመዋል። ወደ ኋላ ብመለስ ይተኩሳሉ፤ ቀጠልኩ።

አንደኛው ነጠላ ጫማ ያደረገ ነበር። የመኖሪያ ወረቀቴን አየ፣ መለሰልኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከመቀመጫው ሥር ሰደርያውን በአፈሙዙ አንጠልጥሎ አወጣው።

«ይህ ምንድን ነው?»

ዐረብኛዬ ከተሳፋሪ ጋር ለመጨቃጨቅ ይበቃኛል፤ ዕድርን ለማስረዳት ግን አይበቃም። «የማኅበራችን ነው» አልኩ።

«የምን ማኅበር?»

«የቀብር።»

«የቀብር ማኅበር ይህ ምን ያደርግለታል?»

«ቀብሩ እንዲቀንስለት ነው።»

ሁለቱ ጓደኞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። የፊቱን ኪስ ጨበጠ፤ ባዶ ነው። የኋላውንም ጨበጠ። «ሎሁስ?» አለኝ።

«ሎህ ምንድን ነው?» አልኩት።

ዓይን ዓይኔን አየኝ። በሕይወቴ የሞኝ ፊት የጠቀመኝ ያን ቀን ነው። በመጨረሻ እሱም ሳቀ። «ሀበሺ፣ ጉድ ሠርተውሃል! ባዶ ጨርቅ ነው የሸጡልህ። ይህ ዝንብም አይመልስም።» ከዚያ ጠብመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ያስተምረኝ ጀመር። ብረት ቢሰጡህ እምቢ በል፣ ፍርካሹ ጉሮሮህን ይበላሃል። ሴራሚክ ውሰድ። አንኳኳው። የወደቀ እንዳይሰጡህ። ሲዲግ የነገረኝን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ደገመው፤ እኔም እንደ አዲስ «እሺ፣ አላህ ይስጥህ» እያልኩ ሰማሁት።

ተረፍን ብዬ ሞተሩን ላስነሣ ስል ወደ ኋላ ዞረ። «አሮጊቷን አውርዱ። ፍራሹ ሥር ይታይ።»

ሰሌዳዎቹን ካገኘ ሎህ አላውቅም ያልኩት ሰው እኔ ነኝ። እኔን እዚያው መንገድ ዳር ይጨርሱኛል፤ ዘሀራን ወዴት እንደሚወስዷት ደግሞ እግዜር ነው የሚያውቀው። ልጅቱን በመስታወት አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች።

«ልጄ፣ ቅረብ» አሉ ሀጃ ነፊሳ።

ሀጃ ማለት፣ ከቤት ስናወጣቸው ያ ሁሉ ተኩስ እየተሰማ እግራቸው እንዳይገለጥ ቶባቸውን ሦስቴ ያስተካከሉ ሴት ናቸው። እኔ እንኳ በአንሶላ እንጂ በእጄ እንዳልነካቸው ተጠንቅቀዋል። ወታደሩ ቀረበ። እጁን ፍራሹ ላይ አድርጓል።

«ወገቤ ከተሰበረ ወዲህ ሽንቴን አልቆጣጠርም» አሉት። ሁላችንም እንድንሰማ አድርገው ነው የተናገሩት። «አሁንም ከሥሬ ርሶ ነው የተኛሁት። ማውረድህ ካልቀረ አንተው አውርደኝ። ጓደኞችህ ግን ፊታቸውን ያዙሩልኝ። እናትህ ብትሆን እንደምታደርገው አድርገኝ።»

ወታደሩ እጁን ከፍራሹ ላይ አነሣ። ሱሪው ላይ ጠረገው። ጓደኞቹ ሳይነገራቸው ዞረዋል። «ማሌሽ፣ ያ ሀጃ» አለ፤ ይቅርታ ማለቱ ነው። በርሜሉን በእግሩ ገፋ አደረገልን። «ያላ፣ ሂዱ።» ሰደርያውን ግን አልመለሰልኝም።

ሳጃና ደረስን። እትዬ ሞሚና ዘሀራን አንገቷን አቅፈው አለቀሱ። ሴቶቹ ሀጃን ወደ እኔ ቤት አስገቡ፤ ባዶ ክፍል ያለኝ እኔ ነበርኩ። ዘሀራ ፍራሹን ለማጠብ ሣሙና ይዛ መጣች። በእጇ ዳሰሰችው፤ ገለበጠችው፤ እንደገና ዳሰሰችው።

«ደረቅ ነው» አለችኝ።

ሀጃ ያን ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዋሉ። ምግብ ሲቀርብላቸው እጃቸውን ብቻ ያወዛውዛሉ። ሽንቱ ውሸት ነበር፤ እፍረቱ ግን እውነት ነው። እኔ ደጅ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፤ እናቴን ስቀብር እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ሰሌዳ ምርጫ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። የማውቀውን እናገራለሁ። ሴራሚኩን ውሰዱ፣ አንኳኩ፣ የወደቀ አትግዙ፣ ልባችሁ ላይ ይዋል። ለማን ለብሳችሁ በማን ፊት እንደምትቆሙም አስቡ፤ እኛ ይህን ረስተን ልናልቅ ነበር። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። እኔ ሰው የሌለው ሰው ምን ይወሰድበታል እያልኩ የኖርኩ ነኝ። ያን ቀን አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት በሦስት ጎረምሳ ፊት ክብራቸውን አውጥተው ለእኔ ጣሉት። እንዲህ ተደርጎልህ ስታበቃ ቤቴ ጸጥ ያለ ነው ብለህ መኩራት አትችልም። እኔም አልቻልኩም። ጸጥታውም ቢሆን ጠፍቷል፤ ሀጃ ሻዩ ስኳር አነሰው ብለው ጎህ ሲቀድ ይቀሰቅሱኛል፣ እኔም እጨቃጨቃለሁ።

ከሳምንታት በኋላ ኔትወርክ ሲመለስ የሀጃ ልጅ ከግብፅ ደወለ። ዘሀራ ድምፁን ከፍ አደረገችው። እናቴ በሕይወት አለች ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አሉ ስትለው ማልቀስ ጀመረ። ስልኩን ወደ ሀጃ አስጠጋችው። ሀጃ አልተቀበሉም።

«ልጄ መጥቶ ወስዶኛል በይው» አሉ።

ዘሀራ ይህን መናገር አልቻለችም። ስልኩን እኔ እጅ ላይ አኖረችው። ሰውየው እያለቀሰ ነበር፤ መኪናው ሞልቶ ነበር፣ ወላሂ ሞልቶ ነበር ይላል። ሾፌር ስለሆንኩ መኪና ሲሞላ አውቃለሁ፤ ልቆጣው ፈልጌ አልሆነልኝም።

«ማን ነው?» አለ ትንፋሼን ሲሰማ።

ሾፌሩ ነኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። ሀጃ ከአልጋቸው ሆነው ያዩኛል።

«ወንድምህ ነኝ» አልኩት። «እናታችን ደኅና ናቸው። ምሳቸውንም አሁን በልተዋል።»